ለኦጎልቾ የሚበቃ ውፍረት

ባለሱቅ ሁሉ ፈሳሽ ሳሙና የሚፈትነው በአንድ መንገድ ነው። ጠርሙሱን ይዘቀዝቀውና ውስጡ ያለችው የአየር አረፋ ወደ ላይ ስትወጣ ያያታል። እየተጎተተች ከወጣች ሳሙናው ጥሩ ነው። ፈጥና ሽቅብ ካለች «ይሄ ውኃ ነው» ብሎ ጠርሙሱን ይመልሳል። ቅባት የነካው ሳህን አምጥቶ አጥቦ የሞከረ ባለሱቅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ከባለሱቁ ይልቅ የሚያናድደኝ ግን ገዢው ነው። ወፍራሙን መርጦ ይገዛና ቤቱ ሲገባ እንዲበረክትለት ውኃ ይጨምርበታል፤ የፕላስቲኩን ክዳን በሚስማር በስቶ ጭርር ያደርገዋል። ውፍረትና የማጠብ ኃይል ለየቅል ናቸው ብዬ ላስረዳ ሞክሬ፣ ሰሚ ሳጣ ተውኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የማይሰማ ተማሪ አውቃለሁ።

እኔ የሳሙና ሰው አልነበርኩም። አሰላ የመጣሁት ገና ወጣት ሳለሁ በአማርኛ መምህርነት ተመድቤ ነው። ትንሽ ቆይቼ ዝውውር እጠይቃለሁ እንዳልኩ እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ፣ ባለቤቴንም እዚሁ ቀበርኩት። የቀረችኝ አንዲት ልጄ ናት። ይህ የምጽፈው ነገር ሲሆን ጡረታ ልወጣ ጥቂት ነበር የቀረኝ። የምንኖረው በኪራይ ነው፤ ሁለት ክፍል ቤትና ከጓሮ አንዲት ጠባብ ማድ ቤት አለችን። የመምህር ጡረታ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ለእኔም ለልጄም የተሰወረ አልነበረም። ግን አንዳችንም አፍ አውጥተን አንናገረውም።

ልጄ በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ አላት። ከተመረቀች ወዲህ ያልተመዘገበችበት መሥሪያ ቤት፣ ቆማ ያላነበበችው የማስታወቂያ ሰሌዳ የለም። ለፈተና ትጠራለች፣ አለፍሽ ትባላለች፣ ከዚያ ዝም ይሏታል። መጀመሪያ ትናደድ ነበር። በኋላ መናደዱንም ተወችው፤ እኔን ያስፈራኝ ይኸኛው ነው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ልብስ እያጣጠፈች፣ ዓረብ አገር ለመሄድ ፎቶዋን ለደላላ እንደሰጠች ነገረችኝ።

«ዲግሪሽን ይዘሽ የሰው ሳህን ልታጥቢ?» አልኳት።

«እዚህስ ዲግሪዬን ይዤ ምን እያጠብኩ ነው?» አለችኝ።

ተቆጣሁ። መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፣ አመሌ ነው። ሄዳ ስለተመለሰችው የጎረቤታችን ልጅ አነሳሁባት፤ ከመጣች ወዲህ ከሰው ጋር መቀመጥ የማትችለውን፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ የምትለውን። ልጄ «የማላውቀውን አልነገርሽኝም» ብላ ማጣጠፏን ቀጠለች። ተኮራርፈን ሰነበትን። ማኩረፉ እንደማያዋጣኝ ሲገባኝ ሌላ መላ ፈለግሁ። ሥራ ፈትታ በቆየችበት ጊዜ አጭር የሳሙና አሠራር ሥልጠና ወስዳ ነበርና እስቲ እሱን እንሞክር፣ ከተሸጠልን ምን ዓረብ አገር ያስኬድሻል አልኳት። አየት አደረገችኝና «እሺ፣ እንሞክር» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳሙናው ይሸጣል፣ ልጄ ትቀራለች።

ሥራው ለማየት ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ በጄሪካን የሚመጣ፣ እርጎ የሚመስል፣ አረፋ የሚሰጥ ኬሚካል አለ። እሱን በትልቅ ሳፋ ውስጥ ከውኃ ጋር ቀስ አድርጎ በማማሰያ ማሟሟት ነው፤ ቶሎ ቶሎ ካማሰሉት አረፋ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ቀለሙና የሎሚ ሽታው ይገባል። መጨረሻ ላይ ጨው። ተራ የወጥ ጨው በውኃ ተሟሙቶ ጠብ ጠብ ሲደረግበት፣ ያ ውኃ የመሰለ ነገር ዓይን እያየ ይወፍራል፤ መጀመሪያ ዘይት፣ ቀጥሎ ማር ይመስላል። የመጀመሪያውን ቀን አፌን ከፍቼ ስለቀረሁ ልጄ ሳቀችብኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ማየቴ ስለነበር ጨውን ወደድኩት።

መሥራቱ አይደለም፣ መሸጡ ነው ጉዱ። አሰላ የሳሙና ሥልጠና ያልወሰደ የለም መሰለኝ፤ በየሰፈሩ አንዲት ሠሪ አለች። በአቅራቢያችን ካሉት ከተሞች ኢተያ ላይ አንድ ሱቅ ትንሽ ወሰደልን። ሁሩታ የራሳችን አለን ብለው መለሱን። በመጨረሻ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ አባት ቆላ ባለችው ኦጎልቾ ከተማ ትልቅ ሱቅ እንዳላቸው፣ በዙሪያው ላሉት የገጠር ሱቆችም የሚያከፋፍሉት እሳቸው እንደሆኑ ሰማሁ። ደወልኩላቸው። እስቲ አምጡትና እንየው አሉ።

ክረምት ነበር። የአሰላ ብርድ ከጭላሎ ተራራ ሲወርድ እንኳን ሳሙና ሰውም ይረጋል። ጠዋት ጄሪካኑን ስናነሳው ሳሙናው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አልንቀሳቀስ አለ። ባለሱቁ ይህን ሲያዩ ምን ሊሉ ነው ብዬ በሆዴ ፎከርኩ። ወደ ቆላው ስንወርድ ነጠላዬን አወረድኩ፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። ኦጎልቾ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው፣ ሰው አክባሪ፤ ወንበር ሰጡን፣ ለስላሳ አስከፈቱልን። ከዚያ አንድ ጠርሙስ ሞሉና ዘቀዘቁት። አረፋዋ ቱር ብላ ወጣች።

«አዴ፣ ይሄማ ቢሻን ነው» አሉኝ። አዴ እናት እንደማለት ነው፣ ቢሻን ደግሞ ውኃ፤ ይህን ለማወቅ ብዙ ኦሮምኛ አይጠይቅም።

ጠዋት እኮ ወፍራም ነበር ብዬ ተከራከርኩ። እሳቸው ሳይቆጡ፣ ጠዋት የነበራችሁት አሰላ ነው፣ እኔ የምሸጠው እዚህ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለዚህ ነው ያናደዱኝ። ጄሪካኖቻችንን ተሸክመን ተመለስን። የሚገርመው፣ ቤት ደርሰን ብርድ ሲያገኘው ሳሙናው መልሶ ወፈረ። ሊያሾፍብን።

ልጄ፣ ታዲያ ለኦጎልቾ የሚበቃ ውፍረት መስጠት አለብን፣ ጨው እንጨምርበት አለች። ጨመረች። ወፈረ። ደግማ ስትጨምር ማማሰያው ቀጥ ብሎ ቆመ። ለማንኛውም ለሙቀቱ መጠባበቂያ ትንሽ ልድገምበት ብላ ስታፈስበት ግን ድንገት ለቀቀ። ማር የነበረው ነገር ማማሰያው ሥር ፍስስ አለ። ጨው ያነሰው መስሏት ጨመረች፤ ባሰበት። ጨው ሲበዛ ወጥ ይበላሻል እንጂ ወጥ ይቀጥናል ብሎ ማን ያስባል። ማታውኑ ስልኳ ላይ ስታነብ ለካ ጨው ልክ አለው፤ እስከ አንድ ቦታ ያወፍራል፣ ያንን ካለፈ ራሱ ያወፈረውን ራሱ ያፈርሰዋል። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚባለው ለእኛ ነበር። የሳፋውን ሙሉ ለራሳችን አስቀረነው፣ ለወራት ልብስም ወለልም አጠብንበት። ልጄ ስታለቅስ ባያት ደስ ባለኝ፤ ግን እጇን አድርቃ ቁጭ አለች።

አከራያችን በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፣ ገበያ ላይ ኑግና ተልባ ይሸጣሉ። በማግሥቱ መጥተው ሳፋውን አዩና «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ተረቱብን። ተርተውም አልቀሩ፣ በአርሲ ምድር ተልባ እያለ በጨው መሰቃየት ምን የሚሉት ነው አሉን። ተልባ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣውን ዝልግልግ ማን የማያውቅ አለ፤ ለሆድ ድርቀት ያልጠጣው፣ ለፀጉር ያልተቀባው የለም። ልጄ ነገሩ ገባት። ተልባውን ዘፈዘፈች፣ በሻሽ አጣራችው፣ ዝልግልጉን ከሳሙናው ጋር ቀላቀለችው። ሙቅ ውኃ ውስጥ ብናስቀምጠው እንኳን አልቀጠነም። አከራያችን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እኛን አዩን፤ ለመኩራት መብት ነበራቸው።

ያን ሳሙና ኦጎልቾ ስንወስደው አረፋዋ ጠርሙሱ መሃል ላይ ደርሳ ቆመች። ባለሱቁ ጠርሙሱን መታ መታ አደረጉት፣ አሁንም ቆመች። ያለንን ሁሉ ወሰዱ። በመልሱ መንገድ እኔ ወሬ አላቆምኩም፤ ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል ብንከራያት፣ ሰው ብንቀጥር፣ አንቺ ሒሳቡን ብትይዢ እያልኩ። ልጄ ፈገግ ብላ ትሰማኝ ነበር። እንደዚያን ቀን ደስ ያለኝ ቀን ከባለቤቴ ሞት ወዲህ አልነበረም።

ደስታዬም ከሳሙናው ጋር ኮመጠጠ። ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላው ባለሱቁ ደወሉና መጥታችሁ ውሰዱልኝ አሉ። ስንደርስ ጄሪካኖቹ ከሱቁ ጀርባ ተደርድረዋል፤ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ክዳናቸው ሲከፈት እስስ እያለ። ሽታው የተበላሸ ዕንቁላል ነው። ለካ ተልባ የሚበላ ነገር ነው፣ የሚበላ ነገር ደግሞ ሙቀት ሲያገኝ ይበላሻል። ይህ ከማንም ባለሙያ ሴት የማይጠፋ ነገር ነበር፤ ውፍረቱ ዓይናችንን አሳወረው። ለአንድ ሠርግ ቤት የወሰዱት ሰዎች ሳህናቸው ሁሉ ሸቶ ከባለሱቁ ጋር ተጣልተዋል። ባለሱቁ አሁንም አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ አጠገባቸው ያሉት ባለሱቆች በር ላይ ወጥተው ያዩን ነበር። ሚኒባሱ ላይ ዕቃችን ጣሪያ ላይ ተጫነ። የአንዱ ጄሪካን ክዳን ተፈናጥሮ በመስኮቱ በኩል መንጠባጠብ ሲጀምር ተሳፋሪው አፍንጫውን ያዘ። ጠላ ነው እንዴ የጫናችሁት ያለን ሰውም ነበር። ተሳቀ። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ወላጆች በሚሳፈሩበት መኪና።

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። እንግዲህ ደላላው ጋ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን በማግሥቱ ጠዋት «አንዴ እንደገና እንሞክር፣ አሁን የት እንደምንሳሳት አውቄዋለሁ» አለችኝ። ማመን አቃተኝ። ለካ እሷም መቅረት ትፈልጋለች ብዬ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ የሠራችውን ሥራ ለማንም መሥሪያ ቤት ብትሠራለት ኖሮ ዛሬ ኃላፊ ነበረች። የሻይ ብርጭቆዎች ደርድራ አንድ ዓይነት ብጥብጥ ሞላችባቸው፤ በየብርጭቆው የጨዉን መጠን እየለያየች፤ ከዚያ ሁሉንም ሙቅ ውኃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቆመቻቸው። ሳፋውን «ኦጎልቾ» አለችው። እየደጋገመች ታዘነብላቸዋለች፣ የትኛው ላይ ውፍረቱ ጫፍ እንደሚደርስ፣ የትኛው ላይ እንደሚለቅ ታያለች። ጫፉን አገኘችው፤ ከዚያ በታች ባለው ላይ ጨውን አቆመች። የቀረውን ውፍረት ከጨው ሳይሆን ከራሱ ከኬሚካሉ ፈለገችው፣ ውኃውን ቀንሳ። መበላሸት የሚከላከለውንም ነገር ከአዲስ አበባ ገዝታ መጣች። ስለዚህ ሁለት ሳሙና ሆነልን፤ የደጋና የቆላ።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ያጋባኝ ነበር። እኔ እንድሠራው ነበር የምትፈልገው። ሚዛን ገዝቼ ልምጣ ስላት አይሆንም፣ በቡና ሲኒና በጭልፋ ልኪው አለች። እኔ ላብ እስኪያጠምቀኝ ሳማስል እሷ እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። እጅሽ ተሰብሯል እንዴ እያልኩ እሳደባለሁ። «ማማሰያውን አንሺውና አወራረዱን እዪ» ትለኛለች፤ ሳሙናው እንደ ክር ተስቦ ሳይበጠስ ከወረደ በቃ፣ ጨው አቁሚ ማለት ነው። ስሳሳት አታርመኝም። እስካበላሸውና የት እንዳበላሸሁት እስክነግራት ትጠብቃለች። እንዲህ ዓይነት መምህር ሆና ብትቀጠር ምን ነበረበት እያልኩ ተማርኩ።

የቆላውን ሳሙና ኦጎልቾ ወሰድን። ባለሱቁ ከተልባው ወዲህ ጠንቃቃ ሆነዋል፤ ትንሽ ብቻ ተቀብለው ፀሐይ ላይ አቆዩትና ወሩን ሙሉ ጠበቁ። ከዚያ ደወሉ። አልቀጠነም፣ አልሸተተም፣ ሰው ይፈልገዋል፣ ብዙ አድርጋችሁ አምጡ። ያመጣንላቸው ቀን ጠርሙሱን አልዘቀዘቁትም፤ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ አስገቡት። ልጄን «እንግዲህ በየሳምንቱ ታመጪልኛለሽ?» አሏት።

«ከእንግዲህ የምታመጣልዎት እማዬ ናት። እኔ ሳውዲ ልሄድ ነው» አለቻቸው።

እንዲህ፣ ቀለል አድርጋ። እኔም ከባለሱቁ ጋር እኩል ሰማሁት። እሳቸው እኔን አዩ፣ የማላውቀው መሆኑ ፊቴ ላይ ስለታያቸው መሰለኝ ቶሎ ወደ መጋዘኑ ገቡ። እኔ ሒሳቡን ተቀብላ እስክትወጣ በሩ ላይ ቆምኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የጉዞዋን ጉዳይ መቼ እንደጨረሰች ጠየቅኋት። ፓስፖርቱ ክረምት ሳይገባ ወጥቷል፤ የጤና ምርመራውን ደግሞ ኬሚካል ልትገዛ አዲስ አበባ ስትሄድ አድርጋዋለች። አልደበቀችኝም፣ እኔ ነኝ ያልጠየቅኋት። እንሞክር አለች እንጂ እቀራለሁ አላለችም ነበር።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ምን አደከመሽ?» አልኳት።

«ጡረታሽን አስቤ ነዋ። ባዶ እጅሽን ትቼሽ እንዴት እሄዳለሁ? አሁን በራስሽ ትችያለሽ።»

«ውኃ ሆኖ ቢቀርስ ኖሮ?»

«ታዲያ የት እሄድ ነበር» አለች፣ ወደ ውጭ ወደ ስንዴው እያየች።

እጄን ጠላሁት። እንደዚያ የተማረውን፣ ክሩን ሳይበጠስ ማውረድ የቻለውን እጄን። ባለሱቁ በመጀመሪያው ቀን እንደመለሱን ሁልጊዜ ቢመልሱን ኖሮ ልጄ አጠገቤ ትሆን ነበር። እኔ ግን አየሽ፣ ወፈረ እያልኩ አጨበጭብ ነበር። ሰው ልጁን ለመሸኘት እንዲህ ይተጋል?

ከመስቀል በኋላ ሄደች። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሳሙናውን ብቻዬን እሠራለሁ። ይሸጣል። ሰፈርተኛው ጎበዝ፣ ጡረታ ወጥተሽም ሥራ አልፈታሽ ይለኛል፣ ያስደሰተኝ መስሎት። አከራያችንም እንደ ድሮው አይተርቱብኝም፤ ያዝኑልኛል፣ ይህን ደግሞ ከተረቱ ይልቅ እጠላዋለሁ።

ልጄ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ትደውላለች፤ የምትሠራላት እመቤት ጋደም ስትል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ደህና ነኝ ትላለች። ከዚያ ስለ ሳሙናው ትጠይቃለች። ባለፈው ጊዜ ድምጿ ደክሞብኝ ነበር፤ ደህና ነኝ ያለችውም እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ሳላስበው «ተበላሸብኝ» አልኳት። አልተበላሸም። ጄሪካኖቹ ሞልተው እግሬ ሥር ተደርድረዋል። «ውኃ ሆነብኝ። ብሠራው ብሠራው እምቢ አለ። ኦጎልቾም አንቀበልም ብለውኛል» አልኳት።

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። በቃ እመጣለሁ ትለኛለች ብዬ፣ ምን ብዬ እንደምመልስላትም አስቤ ጨርሼ ነበር።

«እማዬ፣ አትደንግጪ» አለች። «ጨው በዝቶበት ነው። ሌላ ጨው እንዳትጨምሪበት። ጨው ያልገባበት አዲስ በጥብጪና ከሱ ጥቂት በጥቂት ጨምሪበት፣ ይወፍራል።» ደግማ፣ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን፣ በየትኛው ሲኒ። ከኋላዋ ሴት ስትጣራ ይሰማል። ልጄ ግን እስክትጨርስ አልሄደችም።

«ገባሽ?» አለችኝ።

ገባኝ አልኳት።